የጥሩንባ ልጆች፦ ፔዳ ግቢ የደጋፊ ባንድ ስናስተባብር

ባንድ ስል መድረክ ላይ ወጥቶ መብራት በርቶለት ሚጫወት ባንድ እንዳይመስላችሁ። የኛ ቦታ ሜዳ ዳር ነበር፣ ደጋፊ መሀል፣ ጥላ የሌለበት ደረጃ ላይ። ትራምፔት፣ ትሮምቦን፣ ሳክስፎን፣ ታምቡር፣ ከዛ ደሞ የሀገር ቤቱን ከበሮ ይዘን ግቢያችን፣ የባህር ዳር ዩኒቨርሲቲው ፔዳ ግቢ፣ ኳስ ሲጫወት እየሄድን ደጋፊውን ምናዘፍን ተማሪዎች ነበርን። አሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ ፔፕ ባንድ ይሉታል፣ እዛ በተለይ ቅርጫት ኳስ ላይ ይታወቃል፣ ጨዋታው ለትንሽ ሲቆም እነሱ ይነፋሉ። ባህር ዳር ላይ እንደዛ ሚባል ስም አልነበረንም። ሰዉ "የጥሩንባ ልጆች መጡ" ይል ነበር፣ እኛም በዛው ቀጠልን።

እኔ ነፊ አልነበርኩም፣ ከበሮም አልመታም። አስተባባሪ ነበርኩ። ማን መጣ፣ ማን ነገ ፈተና አለበት፣ የማን ሪድ (የሳክስፎን አፍ ላይ ያለችው የሸምበቆ ቁራጭ) ተሰነጠቀ፣ ኖታው ለማን ኮፒ ይደረግ፣ ሰርቪሱ ስንት ሰዓት ይነሳል፣ ውሃውን ማን ይይዛል፣ ይሄን ይሄን ነበር ምይዘው። ስለ ባንድ ሲወራ ሁሌ ሚወራው ስለ ነፊው ነው፣ ፎቶ ላይም ያለው እሱ ነው፣ እኔ ግን ስለዛኛው ስራ መፃፍ ነው ምፈልገው ምክንያቱም የደጋፊ ባንድ ከሌላ ባንድ ሚለየው እዛ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ። የመድረክ ባንድ ሰው እንዲሰማው ይጫወታል። የደጋፊ ባንድ ሰው እንዲዘፍን ነው ሚጫወተው፣ እና ሰው እንዲዘፍን ከተፈለገ ከመነፋቱ በፊት ማሰብ ያለባችሁ ነገር ብዙ ነው።

እቃዎቹ ስቶር ነበር ሚቀመጡት። በሞዴል 22፣ በእቃ ማውጫው ቅፅ፣ ፈርመሽ ታወጪያለሽ፣ በስምሽ ይያዛል፣ ሳትመልሺ ክሊራንስ የለም። ትራምፔት በስሙ ይዞ ተመራቂ መሆን ምን እንደሚመስል ያየ ያውቀዋል፣ ሰኔ ላይ ሰዉ ጋዋን ሲለካ እኛ ማውዝፒስ (አፍ ላይ ሚደረገውን መንፊያ) እንቆጥራለን። ስቶር ኪፐሯ እትዬ ነበር ምንላቸው፣ መጀመሪያ ላይ እያንዳንዷን ቫልቭ እያስጫኑ ነበር ሚያስረክቡን፣ በኋላ ግን እቃው ንፁህ ሆኖ እንደሚመለስ ሲያዩ እሳቸው ራሳቸው "ልጆች፣ እሁድ ጨዋታ አለ አሉ፣ ቅዳሜ መጥታችሁ ውሰዱ" ማለት ጀመሩ። ከጨዋታ በኋላ ማንም ሰው እቃውን ሳይወለውል ወደ ዶርም አይሄድም ነበር፣ ይሄ ህጋችን ነው። ከውስጥ ምራቁ ይፈሳል፣ በጨርቅ ይጠረጋል፣ ቫልቩ ዘይት ይቀባል። የቫልቭ ዘይት ባህር ዳር ላይ ፈልገን ስናጣ የልብስ ስፌት መኪና ዘይት ገዝተን ነበር ምንቀባው፣ እሱም ቀጠን ያለ ስለሆነ ይሰራል።

ሪድ ግን ምትክ የለውም። ሳክስፎን አፉ ላይ ያለችው የሸምበቆ ቁራጭ እኮ ናት ድምፁን ምታወጣው፣ ጫፏ በጣም ስስ ነው፣ ጥርስ ቢነካት ትሰነጠቃለች፣ ፀሀይ ላይ ደርቃ ብትቀር ትጣመማለች። አዲስ አበባ ሚሄድ ሰው ባገኘን ቁጥር "እባክህ ቁጥር 2 ተኩል ሪድ" ብለን እናስልከዋለን። የኛ የአልቶ ሳክስፎን ልጅ ጨዋታው እስኪጀመር ድረስ ሪዷን ምላሷ ስር ይዛ ነበር ምትጠብቀው፣ እንዳትደርቅባት። በዛ ሰዓት ብታናግሯት አትመልስም።

ልጆቹ ከየት መጡ ላላችሁኝ፣ ከሁሉም ነው። አንዱ አባቱ ወታደር ቤት ማርሽ ባንድ ውስጥ ስለነበሩ ቤት ውስጥ ትራምፔት እያየ ያደገ፣ ሁለቱ ክፍለ ሀገር ኪነት ቡድን የሰሩ፣ ብዙዎቹ ደሞ ግቢ እስኪገቡ ድረስ የናስ መሳሪያ በእጃቸው ይዘው ማያውቁ ፍሬሾች። ከበሮ መቺዎቹ ባብዛኛው የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች ነበሩ፣ እጃቸው የሰላ። እነሱ አንድ ነገር ከመጀመሪያው ነገሩን፣ የቤተክርስቲያን ከበሮ ንዋየ ቅድሳት ነው፣ ለሜዳ አይወጣም። ልክ ናቸው። ስለዚ ለዘፈን ሚሆን ሌላ ከበሮ ከገበያ ገዛን፣ ገንዘቡን ሁላችንም አዋጥተን። ዋሽንት ሚነፋ የገጠር ልጅም ነበር፣ ከምስራቅ ጎጃም የመጣ፣ ትንፋሹ ማያልቅ፣ ትሮምቦን ሰጠነው እና በአንድ ሴሚስተር ውስጥ ከሁላችንም በላይ ሆነ። ትሮምቦን ላይ ቁልፍ የለም፣ ድምፁን በጆሮህ ፈልገህ ነው ምታገኘው፣ ጆሮ ደሞ ነበረው።

አሁን ስለ ጋሼ ልንገራችሁ። ስማቸውን አልፅፍም፣ እሳቸውም አይወዱትም። ድሮ ፖሊስ ሰራዊት ባንድ ውስጥ ትሮምቦን ይነፉ የነበሩ፣ ጡረታ ወጥተው ባህር ዳር ሽምብጥ አካባቢ ሚኖሩ ሽማግሌ ናቸው። አንድ ቀን ስንለማመድ ድምፁን ሰምተው ገቡ፣ ጥግ ላይ ቆመው አዳመጡ፣ ከዛ "ልጆች፣ ከናንተ ውስጥ ማነው ሚቆጥረው?" አሉ። ማንም አልመለሰም። "እንግዲያው እኔ ልቁጠርላችሁ" ብለው ገቡበት፣ ከዛ በኋላ ባንዱ እሳቸው የሌሉበት ልምምድ አያውቅም ማለት ይቻላል።

የናስ ሙዚቃ ታሪክን እሳቸው ናቸው ያስተማሩን። በ1916 ዓ.ም ራስ ተፈሪ ኢየሩሳሌም ሄደው አርመን ገዳም ውስጥ ወላጆቻቸውን በአርመኖች ላይ በተፈፀመው እልቂት ያጡ ልጆች በናስ መሳሪያ ሲጫወቱ አዩ፣ ወደዷቸው፣ 40 የሚሆኑትን ወደ አዲስ አበባ አስመጧቸው። አርባ ልጆች ሚባሉት እነሱ ናቸው፣ ያሰለጠናቸው ደሞ ኬቮርክ ናልባንድያን ነው። ከዛ ክቡር ዘበኛ፣ ጦር ሰራዊት፣ ፖሊስ እያለ የናስ ባንድ እየበዛ ሄደ፣ ያ ትውልድ ሌላውን አስተማረ፣ ያኛው ደሞ ጋሼን አስተማረ። ጋሼ ይሄን ሲያወሩ ሁሌ ሚጨርሱት ወደ ልጆቹ እያዩ "እነሱም ሲመጡ እንደናንተ ልጆች ነበሩ" ብለው ነው። ለኔ ያ ነገር ትልቅ ነበር። አባት እናታቸውን ያጡ፣ ቋንቋውን ማያውቁ ልጆች ያመጡት መሳሪያ ስንት እጅ አልፎ ፔዳ ግቢ ውስጥ የደጀን ልጅ እጅ ላይ መድረሱን ሳስብ አሁንም ይገርመኛል።

የመጀመሪያው ችግራችን ምት ነበር። ናሶቹ በ4 በ4 ነው ሚቆጥሩት፣ ከበሮ መቺዎቹ ደሞ ችክችካ፣ የጭፈራውን ምት፣ ነው ሚመቱት፣ 6 ለ 8። ሁለቱ አንድ ላይ ሲሆኑ ምን እንደሚፈጠር መገመት ትችላላችሁ፣ ትራምፔቱ ወደ አንድ በኩል ከበሮው ወደ ሌላ በኩል። የኛ ልጆች መፍትሄ ብለው ያሰቡት ከበሮውን ማሳረፍ ነበር፣ ታምቡር ብቻ ይበቃል ብለው። ጋሼ እምቢ አሉ። "ከበሮው ከወጣ ሰዉም ይወጣል" አሉ። ከዛ ያሳዩን ነገር በጣም ቀላል ነው፣ ማርሽ እኮ ሁሉም በ4 አይደለም፣ በ6 ለ 8 የተፃፈ ማርሽ ሞልቷል፣ ሲቆጠር ግን ሁለት ተብሎ ነው ሚቆጠረው፣ ግራ ቀኝ፣ በየእግሩ ውስጥ ሶስት ሶስት አለ። ችክችካም እንደዛው ነው፣ ትልቁን ምት ብቻ ከያዝክ ሁለት ነው። ናሶቹን አስነስተው በግቢው አስፋልት ላይ ከበሮው እየመታ አራመዷቸው። ሰልፍ ሲሄዱ በእግራቸው ገባቸው። ተቀምጠው ስንት ሳምንት ሲታገሉት የነበረው ነገር በአንድ ከሰዓት አለቀ፣ እስክስታም ወራጅ ሰው ከህንፃው ስር መጣ፣ ላይብረሪ ሚያጠኑት ልጆች ግን አልወደዱትም።

ሁለተኛው ቁልፍ ነው፣ ማለቴ ከየት ድምፅ እንጀምር ሚለው። እዚ ላይ ትንሽ ልቆይ ምክንያቱም ባንድ ማቋቋም ምትፈልጉ ተማሪዎች ካላችሁ እዚ ጋ ነው ሚያዋጣችሁ።

ትራምፔት ኖታው ላይ ዶ ብሎ ሲነፋ ሚወጣው ድምፅ ፒያኖ ላይ ቢ ፍላት (ከቢ በግማሽ ድምፅ ዝቅ ያለ) ነው። አልቶ ሳክስፎን ዶ ሲል ኢ ፍላት ነው ሚወጣው። ትሮምቦን ግን እንደተፃፈው ነው። ስለዚ አንድ አይነት ወረቀት ኮፒ አድርጋችሁ ለሁሉም ብታድሉ ሶስት ዘፈን በአንዴ ይሰማል። ለየመሳሪያው ለየብቻ መፃፍ አለበት፣ እሱን ነበር ማታ ማታ ዶርም ቁጭ ብዬ ምገለብጠው፣ ሩም ሜቶቼ ስፌት ሰፊ ነበር ሚሉኝ። ልጆቹ መጀመሪያ ከፍ ካለ ቦታ መጀመር ነበር ሚፈልጉት፣ ትራምፔት ላይ ሲሆን ይጮሀል፣ ያበራል፣ ደስ ይላል። ሜዳ ወጥተን ስንሞክረው ሰዉ የመጀመሪያውን ስንኝ አብሮን ይላል፣ ሁለተኛው ላይ ድምፁ አልደርስ ይለዋል፣ ከዛ ያጨበጭባል፣ ከዛ ዝም ብሎ ያየናል። ጋሼ "ይሄ የተነፋው ትራምፔቱን ደስ እንዲለው ነው ወይስ ሰዉ እንዲዘፍን?" ብለው ጠየቁ። ከዛ ዘፈኖቹን በሙሉ ወደ ኢ ፍላት አወረድናቸው።

ትዝታ ቅኝት አምስት ድምፅ ነው፣ ዶ ሬ ሚ ሶል ላ። ከኢ ፍላት ስትጀምሩት አልቶ ሳክስፎኑ ሚያነበው ዶ ሬ ሚ ሶል ላ ነው፣ ትራምፔቱ ሚያነበው ፋ ሶል ላ ዶ ሬ ነው፣ አንድም ዲያዝ (ግማሽ ድምፅ ከፍ ሚያደርግ ምልክት) አንድም ፍላት የለውም ለሁለቱም። ትናንት መሳሪያ የያዘ ፍሬሽ እንኳን ይጫወተዋል። በዛ ላይ የወንዱም የሴቱም ድምፅ ሳይጨነቅ ሚደርስበት ቦታ ነው። ይሄን ጋሼ ሲያሳዩን የተሰማኝን ደስታ አልረሳውም፣ ወረቀቱን ይዤ ክፍሉን ዞርኩት። አምባሰል ላይ ስንመጣ ሬውም ላውም ፍላት ይሆናሉ፣ ለጀማሪ ይከብዳል፣ ግን ግቢያችን እየተመራ ከሆነ እና ሰዉ ቀዝቀዝ ካለ አምባሰል ሚያደርገው ነገር አለ፣ ሰውን ከውስጥ ነው ሚያነሳው። ባቲ ለጭፈራ። አንቺ ሆዬን ሜዳ ላይ ብዙም አልነካነውም፣ ብወደውም ለብዙ ሰው አንድ ላይ ለመዝፈን ድምፆቹ ይቸግራሉ።

መቼ እንደሚነፋ ደሞ ሌላ ትምህርት ነው። ኳስ እየተንቀሳቀሰ ናስ የለም፣ ከበሮ ብቻ፣ እሱም ለስለስ ብሎ። ኳስ ወጥቶ ሲቆም ናሶቹ ይገባሉ፣ ወርዋሪው ኳሷን ሲያነሳ ይቆማሉ። ተጫዋች ከተጎዳ፣ የማንም ቡድን ይሁን፣ ፀጥ። ቅጣት ምት ላይ ፀጥ። ይሄን ሁሉ በምልክት እኔ ነበርኩ ማስቆመው፣ ፊታቸው ቆሜ ጀርባዬን ለሜዳው ሰጥቼ፣ ስለዚ ብዙ ጎሎችን ያየሁት በልጆቹ ፊት ላይ ነው። የትራምፔቱ ልጅ አይኑ ሲሰፋ ኳሷ ሳጥን ውስጥ ገባች ማለት ነው። እውነት ለመናገር ኳሱን ከማየት በላይ እሱን ማየት ነበር ሚያስደስተኝ።

ግጥሙን አቀንቃኟ ናት ምታመጣው። አማርኛ ትምህርት ክፍል ምትማር ልጅ ነበረች፣ ድምፅ ማጉያ ማትፈልግ፣ ግጥም እዛው ቆማ ምታወርድ። እሷ ትላለች፣ ሰዉ ይቀበላል፣ ናሱ ይከተላል። የጎጃም ልጅ ግጥም አያጣም ይባል የለ፣ እሷ ደሞ ለየት ትል ነበር። ከፖሊ ጋር ስንጫወት ያለችውን እስካሁን አስታውሳለሁ፦

ፖሊ ድልድይ ሰርቶ ሰው ያሻግር እንጂ፣
ኳስ ማሻገሩን ያውቃል የፔዳ ልጅ።

ከዛኛው በኩል ያሉት ደሞ ዝም ሚሉ አልነበሩም፣ ከትንሽ ቆይታ በኋላ መለሱልን፦

ጠመኔህን ይዘህ ፔዳ ግባ ክፍል፣
ጎል የሚቆጠረው በስሌት ነው በኃይል።

ማታውቁ ካላችሁ፣ ፖሊ እና ፔዳ ዛሬ አንድ ዩኒቨርሲቲ ይሁኑ እንጂ ድሮ ሁለት ተቋም ነበሩ። ፖሊ ቴክኒክ በሶቪየት ህብረት ትብብር በ1955 ዓ.ም ነው የተከፈተው፣ ፔዳ ደሞ አካዳሚ ኦፍ ፔዳጎጂ ተብሎ በ1965 ዓ.ም፣ መምህራን ሚሰለጥኑበት። በ1992 ዓ.ም ነው ተዋህደው ባህር ዳር ዩኒቨርሲቲ የሆኑት። ስለዚ ኢንጂነር እና መምህር ሚለው ፉክክር ከኛም በፊት ነበር፣ ከኛም በኋላ ይኖራል።

እና የኛ ባንድ ውስጥ ደሞ የፖሊ ልጆች ነበሩ። ቤዝ ድራሙ ሲቪል ኢንጂነሪንግ፣ ሁለተኛው ትራምፔት መካኒካል። ሁለቱ ግቢዎች ሲጋጠሙ ማን ጋር ነው ምንቀመጠው? ይሄ ጥያቄ ከጨዋታው በፊት ባለው ሳምንት ሙሉ አነታረከን፣ አንዳንዱ ለሁለት እንከፈል አለ፣ አንዳንዱ እቃው ሚገኘው ፔዳ ነው ስለዚ ፔዳ ነው አለ፣ የቤዝ ድራሙ ልጅ ደሞ በጣም አዝኖ "እኔን ለዛሬ ተዉኝ፣ አልመጣም" አለ። እሱን ትቶ መሄድ ማናችንም አልፈለግንም። በመጨረሻ የተስማማነው መሀል ሜዳው መስመር ላይ፣ ሁለቱ ደጋፊዎች ሚለያዩበት ቦታ እንቀመጥ፣ ጎል ላገባው እንነፋለን፣ ለሁለቱም አንድ አይነት ትዝታ፣ አንድ አይነት ርዝመት፣ አቀንቃኞቹ የየራሳቸውን ግጥም ያውርዱበት ብለን ነው። ከላይ የፃፍኳቸው ስንኞች በአንድ ከበሮ ላይ ነው የተባሉት። ጨዋታው አቻ አለቀ። የሁለቱም ግቢ ሰው ወደ መሀል ወርዶ ከበሮውን ከቦ ጨፈረ፣ ዳኛው ሁሉ ቆሞ ያይ ነበር። ከዛ ሁሉ ጊዜ ውስጥ አንድ ቀን ብቻ መልሰሽ ኑሪ ብባል እሱን ቀን ነው ምመርጠው።

ሰፊ ሜዳ ላይ ስትጫወቱ ሌላ ጉድ አለ፣ ድምፅ ይዘገያል። ድምፅ በሰከንድ 340 ሜትር ገደማ ነው ሚሄደው። እኛ በዚ በኩል ሆነን ምንመታው ምት በዛኛው በኩል 100 ሜትር ርቆ ለቆመው ሰው ሚደርሰው ከሰከንድ ሲሶ ትንሽ ሲቀረው ቆይቶ ነው፣ እሱ ያጨበጭባል፣ ጭብጨባው ወደኛ ሲመለስ ደሞ ሌላ ያን ያህል። በደቂቃ 120 ምት እየመታችሁ ከሆነ በሁለት ምት መሀል ያለው ግማሽ ሰከንድ ብቻ ነው፣ ስለዚ ጭብጨባው ሚመለሰው ሌላ ምት ላይ ሆኖ ነው። ከበሮ መቺው ጭብጨባውን ለመጠበቅ ከሞከረ ባንዱ እየዘገመ እየዘገመ ይሄድና ይሞታል። ይሄን የነገረን ፊዚክስ ሚማረው ታምቡር መቺያችን ነው፣ ወረቀት ላይ አስልቶ። መፍትሄውም ቀላል ነበር፣ ጆሮ ቢዘገይም አይን አይዘገይም። እኔ ነጭ ነጠላ ይዤ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ቆሜ በትልቁ ምት ላይ አወርደዋለሁ፣ ማዶ ያሉት ሚያጨበጭቡት ነጠላውን እያዩ ነው። ከማዶ ሁለት ሶስት ልጅ ብቻ ብታስለምዱ ሌላው እነሱን ይከተላል። ክንዴ ማታ ማታ ይዝል ነበር፣ ግን ማዶ ያለው ሰው እና እዚ ያለው ሰው አንድ ላይ ሲያጨበጭብ ማየት፣ በቃ፣ ሌላ ነው።

የባህር ዳር አየርም የራሱ ፀባይ አለው። መጋቢት ሚያዝያ ላይ ከሰዓቱ ያቃጥላል፣ ናሱ ፀሀይ ላይ ከቆየ ድምፁ ከፍ ይላል፣ 10 ዲግሪ ሙቀት ሲጨምር የግማሽ ድምፅ ሲሶ ገደማ፣ ስለዚ ጠዋት የተቃኘው ከሰዓት አይሰራም፣ እዛው ሜዳ ላይ እንደገና መቃኘት ነው። ከበሮው ደሞ በተቃራኒው፣ ጠዋት ከጣና በኩል ሚመጣው እርጥበት ቆዳውን ያላላዋል፣ ፀሀይ ላይ ሲሰጣ ነው ድምፁ ሚመለሰው። ስለዚ ከጨዋታ በፊት ከበሮው ፀሀይ ላይ፣ ናሱ ጥላ ስር። ኖታውን ንፋስ እንዳይወስደው በልብስ መቆንጠጫ። ግንቦት መጨረሻ ላይ ዝናቡ ሲጀምር መጀመሪያ ከበሮው ነው ሚሸፈነው፣ ከዛ ሰው።

ከጨዋታ በኋላ ገንዘብ ካለን ጣና ዳር ወርደን አሳ ጥብስ እንበላለን፣ ከሌለን ግቢው በር ላይ ሻይ በቦምቦሊኖ። ጋሼ አሳ ሲበሉ አያወሩም ነበር፣ ስለዚ ያን ጊዜ ብቻ ነው ነፃ ምንሆነው፣ ከዛ እጃቸውን ታጥበው "በሉ እንግዲ፣ ሁለተኛው ዘፈን ላይ ማነው የሮጠው?" ይላሉ።

ከተመረቅኩ በኋላ፣ ህዳር 2012 ላይ ዋልያዎቹ ኮትዲቯርን ባህር ዳር ስታዲየም 2 ለ 1 ሲያሸንፉ እዛ ነበርኩ። 50 ሺህ ገደማ ይይዛል ሚባለው ስታዲየም ነው፣ እና እኔ ጎሉን ከማየት ይልቅ ጭብጨባው እንዴት እንደሚዞር ነበር ምሰማው፣ ከአንዱ ጥግ ተነስቶ ማዶ ሲደርስ ዘግይቶ፣ ሲመለስ ደሞ ሌላ ሆኖ። ከጎኔ የነበረው ሰውዬ "እህቴ፣ ምን ሆነሽ ነው አይንሽን ምትጨፍኚው?" አለኝ። ነጠላ የያዘ አንድ ሰው ቢኖር እያልኩ ነበር። ያን ያህል ሰው ያን ያህል ደስታ ይዞ አንድ ላይ መዝፈን ሲፈልግ መሪ ሚሆነው ባንድ ይገባዋል፣ ይሄን ከልቤ ነው ምለው። ባህር ዳር ውስጥ የባህር ዳር ከተማ ክለብ፣ የጣና ሞገዶች፣ ደጋፊ አለ፣ ዩኒቨርሲቲ አለ፣ ከበሮ መቺ በየሰፈሩ አለ፣ ናስ ሚነፉ ጡረተኞችም አሉ፣ የጎደለው ሚያገናኛቸው ሰው ብቻ ነው።

ያኔ የገለበጥኳቸውን ኖታዎች አላጠፋኋቸውም። እርሳስ ስለሆነ እየደበዘዘ ነበር፣ አሁን በብዕር ደግሜ ፅፌ በስልክ ስካን አድርጌያቸዋለሁ፣ የትራምፔቱ፣ የአልቶው፣ የቴነር ሳክስፎኑ፣ የትሮምቦኑ ለየብቻ፣ ሁሉም ከኢ ፍላት። ግቢ ውስጥ ያላችሁ እና ማቋቋም ምትፈልጉ ልጆች ንገሩኝ፣ እልክላችኋለሁ። ብዙ ናስ አትጠብቁ፣ ሁለት ትራምፔት አንድ ትሮምቦን ካላችሁ ይበቃል። ከበሮው ግን ሁለት ይሁን፣ አንዱ ሲላላ አንዱ እንዲመታ። የመጀመሪያውን ወር ትዝታውን ብቻ ተጫወቱ፣ አምባሰሉን ተዉት፣ መሳሪያውን ይዛችሁ እየተራመዳችሁ ተለማመዱ፣ እና ከበሮ መቺያችሁን ማዶ ያለውን ጭብጨባ እንዳይሰማ ከአሁኑ ንገሩት።